በ48 ኪሎባይት የተሠራ ቤተ መንግሥት

እንደምን አመሻችሁ! ጌም መሥራት የጀመራችሁ ልጆች፣ እነሱን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጌም ብቻ ነው። ናይት ሎር ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወጣ። የሠሩት አሽቢ ደ ላ ዙሽ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበሩት ወንድማማቾች ቲምና ክሪስ ስታምፐር ናቸው። ድርጅታቸው አልቲሜት ፕሌይ ዘ ጌም ይባል ነበር።

ጌሙ የተሠራለት ማሽን ዜድኤክስ ስፔክትረም የሚባል የቤት ኮምፒውተር ነው። ያለው ሜሞሪ 48 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም! ጌሙ የሚሸጠው በካሴት ነበር። ጌሙ እስኪጫን ድረስ ቴፑ ሲጮህ ደቂቃዎች ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

የስፔክትረም ትልቁ ችግር ቀለም ነበር። ስክሪኑ 8 በ8 ፒክስል (የሥዕል ነጥብ) በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል። በአንድ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይቻልም። ቀይ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ካለፈ፣ ወይ ዛፉ ይቀላል፣ ወይ ሰውየው አረንጓዴ ይሆናል።

ወንድማማቾቹ ምን አደረጉ? ቀለሙን ተዉት። እያንዳንዱን ክፍል በጥቁር ላይ በአንድ ቀለም ብቻ ሣሉት። በምትኩ ጥልቀት አመጡ። ክፍሉን ከፍ ካለ ጥግ ሆነን ቁልቁል እናየዋለን። ሳጥን ላይ እንወጣለን፣ ከግንብ ኋላ እንደበቃለን።

እስቲ ይህችን ነገር ቀረብ ብለን እንያት። ሰውየው ከድንጋይ ኋላ ሲያልፍ እግሩ መሸፈን አለበት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከሩቁ ጀምሮ ወደ ቅርቡ ይሥላል። ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት ግን በድንጋዩ ቅርጽ ልክ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ከዚያ ድንጋዩን ባዶው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ሥዕሉ ከነመቁረጫ ልኩ አብሮ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ልክ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሳይነካ በፊት በወረቀት እንደሚያወጣው ልክ።

ይህ ሁሉ ለማሽኑ ከባድ ሥራ ነው። ክፍሉ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች ሲሞላ ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ባዶ ክፍል ሲገባ ደግሞ ይፈጥናል። እኔ ይህንን እንደ ጉድለት አላየውም። ማሽኑ አቅሙን ሁሉ ሲሰጥ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳብርማን የተረገመ ሰው ነው፤ ሲመሽ ተኩላ ይሆናል። በ40 ቀን ውስጥ በ128 ክፍሎች እየዞረ ዕቃ መሰብሰብና የጠንቋዩ ድስት ውስጥ መጨመር አለበት። እጁ ላይ ያለውን ዕቃ መሬት አስቀምጦ እላዩ ቆሞ መዝለልም ይችላል። ይህቺን ሳውቅ በደስታ ጮኬያለሁ! ከስክሪኑ ግርጌ ባለች ትንሽ መስኮት ፀሐይዋ ታልፍና ጨረቃ ብቅ ትላለች። ያኔ ሰውየው ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፍ ብትጫኑም አይሰማችሁም። ከገደል አፋፍ ቆማችሁ ከሆነ ልብ ቀጥ ይላል።

ቲም ስታምፐር በኋላ እንደተናገረው፣ ጌሙ አልቆ ሳለ ሆን ብለው አቆይተውታል። ሳብር ዉልፍ የሚባለውን ሌላ ጌማቸውን አስቀደሙ፤ ናይት ሎር ቀድሞ ከወጣ ያንን የሚገዛ እንደማይኖር ገብቷቸው ነበር። ሲወጣም ሌሎች ሠሪዎች ተከተሉት። በ1987 የወጣው ሄድ ኦቨር ሂልስ የዚሁ ዘር ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባለው ላፕቶፕ ጌሙን ጭኜዋለሁ። መብራቱን ቀንሱልኝማ። ማን ይጀምር?