ኪቦርዱ በርቷል፣ ካሜራው ግን አይዞርም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍላችን የደወሉልን አድማጮች አብዛኞቹ የጠየቁት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ጥበቃ ካሜራ መቆጣጠሪያ ኪቦርድ። ያ ጆይስቲክ ያለው፣ ካሜራዎቹ በሚታዩበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው። በስልክ ሰዓት አጥሮኝ አጠር አድርጌ የመለስኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ከአዳማ የደወለ ወጣት ቴክኒሻን፦ "አራት የሚዞሩ፣ ተሽከርካሪ የሚባሉ ካሜራዎች ሰቅያለሁ። ኪቦርዱ ይበራል። ቁጥር ስጫን ይታያል፣ ጆይስቲኩን ስገፋ ድምፅ ይሰጣል። ካሜራዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ኪቦርዱን ለሻጩ ልመልሰው?"

ወንድሜ፣ አትመልሰው። ቢያንስ ዛሬ አትመልሰው።

በአርኤስ 485 መስመር፣ ማለትም ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች ትዕዛዝ በሚያስተላልፍ መስመር የሚሠራ ኪቦርድ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ጆይስቲኩን ስትገፋው ትዕዛዙን በሽቦው ይልካል፣ በቃ። ካሜራው ትዕዛዙን ይስማ አይስማ፣ ኪቦርዱ ብዙውን ጊዜ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ያ ድምፅ "ልኬአለሁ" ማለት ነው፤ "ደርሷል" ማለት አይደለም። ችግሩን ከካሜራው በኩል ፈልገው።

በሁለቱም በኩል አንድ መሆን ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የካሜራው አድራሻ (ቁጥሩ)፣ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ እና ባውድ ሬቱ፣ ማለትም የመላኪያ ፍጥነቱ። በብዛት የሚያጋጥምህ ፕሮቶኮል ፔልኮ ዲ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዙ 7 ባይት ነው። የመጀመሪያው መነሻ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው የካሜራው አድራሻ ነው። ካሜራው ሁለተኛዋን ባይት አይቶ የእሱ ቁጥር ካልሆነች ዝም ይላል። አልተበላሸም፤ ስሙ አልተጠራም።

አድራሻው ብዙ ጊዜ የሚሞላው ካሜራው ውስጥ ባሉ ትንንሽ ዲፕ ስዊቾች ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካሜራ 3 ለማድረግ ሦስተኛውን ስዊች ብቻ ያነሳል። ይህ ግን 3 አይደለም፣ 4 ነው። ስዊቾቹ ዋጋቸው እጥፍ እጥፍ እያለ ይሄዳል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ለ3 አንደኛውንና ሁለተኛውን ታነሳለህ። ለ5 አንደኛውንና ሦስተኛውን። ስዊቹን ከነካህ በኋላ ደግሞ ካሜራውን አጥፍተህ አብራው፤ አብዛኞቹ አድራሻቸውን የሚያነቡት ሲነሱ ብቻ ነው። ፔልኮ ፒ የሚባለውን ሌላውን ፕሮቶኮል ከመረጥክ ደግሞ ሽቦው ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ካሜራ 2ን ጠርተህ 3 ይዞርብሃል።

አንተ ግን አራቱም እምቢ ብለውሃል። አንዱ ብቻ እምቢ ሲል አድራሻ እጠረጥራለሁ። ሁሉም አንድ ላይ እምቢ ሲሉ የጋራ የሆነውን ነገር ነው የማየው፦ ፕሮቶኮሉን፣ ባውድ ሬቱን፣ ከኪቦርዱ ጀርባ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች። ባውድ ሬቱ በብዙ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጣ 2400 ነው፤ አንዳንዱ 9600 ሆኖ ይመጣል። ሽቦዎቹን ደግሞ ኤ እና ቢን አቀያይረህ ሞክር። ቢገለበጡ የሚቃጠል ነገር የለም፣ ዝም ብሎ አይሠራም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለሚቀጥለው ሥራ መሰላል ከመውጣትህ በፊት ካሜራውንና ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ሽቦ አገናኛቸው። ካሜራው ኃይል ሲያገኝ ራሱን አዙሮ ይፈትሻል። በዚያች ደቂቃ ብዙዎቹ አድራሻቸውን፣ ፕሮቶኮላቸውንና ባውድ ሬታቸውን ስክሪኑ ላይ ይጽፋሉ። ፎቶ አንሳው። እኔ ይህን ሳላደርግ በአንድ መጋዘን ጣራ ላይ ሙሉ ቀን ፀሐይ ሲመታኝ ውያለሁ። ችግሩ አንድ ስዊች ነበር።

ከሐዋሳ የደወሉ የሆቴል ባለቤት፦ "ቅርብ ያሉት ሁለት ካሜራዎች ደህና ናቸው። በግቢው ጫፍ ያሉት ግን አንዳንዴ አይታዘዙም፤ አንዳንዴ ደግሞ ጆይስቲኩን ለቀነው እንኳ መዞራቸውን አያቆሙም።"

ጌታዬ፣ ያልቆመው ካሜራ "ቁም" የሚለው ትዕዛዝ ስላልደረሰው ነው። ጆይስቲኩን ሲገፉት "ዙር" ይላካል፤ ሲለቁት "ቁም" ይላካል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ከጠፋ ካሜራው በመጀመሪያው ይቀጥላል። እና እዚህ ላይ የምጠረጥረው የገመዱን አዘረጋግ ነው።

አርኤስ 485 በዝግተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የእርስዎ ግቢ ርቀቱ ራሱ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ከአንድ ሳጥን ወደ አራት አቅጣጫ የተበተነ ገመድ ነው። መስመሩ ከኪቦርዱ ተነስቶ ወደ አንደኛው ካሜራ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እየተቀጠለ መሄድ አለበት፤ እንደ መቁጠሪያ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። መሀል ላይ አይገባም።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሁሉንም ያጥፉና ባለሙያዎ ቴስተሩን ኤ እና ቢ ላይ ያድርግ። ወደ 60 ኦም ካሳየ ሁለቱም ጫፎች ደህና ናቸው። 120 ካሳየ አንዱ ጎድሏል። ወደ 40 ከወረደ ሦስት ቦታ ተደርጓል ማለት ነው።

ሽቦውንም ይዩት። የኔትወርክ ገመድ ተጠቅመው ከሆነ ሰማያዊውና ነጭ ሰማያዊው አብረው የተገመዱ ጥንድ ናቸው። ኤ እና ቢ በእነዚህ በሁለቱ ይሂዱ። አንዱን ከሰማያዊ፣ አንዱን ከቡናማ የወሰደ ሰው ገመዱ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከልበትን አቅም ገደለው። ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ኮንዲዊት (የሽቦ ቱቦ) የሄደ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ይውጣ፤ ይህ የመሥራት አለመሥራት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው። ጫፍ ያሉት ካሜራዎች ከሌላ ሕንፃ መብራት የሚያገኙ ከሆነ ሦስተኛ የጋራ ሽቦ ይጨመር። ገመዱን እንደገና ለመዘርጋት ጣራ መክፈት የማይቻል ከሆነም 485ን ወደ ብዙ መስመር የሚያከፋፍል ዕቃ አለ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ይገባል።

ከባሕር ዳር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የአይቲ ሠራተኛ፦ "የእኛ ኪቦርድ በኔትወርክ የሚሠራ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንዳንድ ካሜራዎችን አያገኛቸውም። ማታ ማታ ደግሞ ካሜራው ሲዞር ይጠፋል።"

ካሜራዎቹ አይፒ አድራሻቸውን ከራውተሩ እየተቀበሉ ነው። መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ፣ ራውተሩም እንደ አመጣጣቸው አዲስ ቁጥር ሊያድላቸው ይችላል። ኪቦርዱ የድሮውን ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለካሜራዎቹ፣ ምስሉን ለሚቀዳው ኤንቪአርና ለኪቦርዱ ቋሚ አይፒ ስጣቸው። ኪቦርዱ ላይ ዕቃ ስትመዘግብ ፖርቱንም አስተውል፤ ለሂክቪዥን ካሜራ በፋብሪካ የሚሰጠው 8000 ነው፣ ለዳሁዋ ካሜራ 37777። ብዙ ሰው የብራውዘሩን 80 ይሞላና "አልገባም አለኝ" ይላል።

ማታ ማታ ካሜራው ሲዞር ይጠፋል ያልከው ግን ሌላ ነው። ያ የኃይል ማነስ ነው። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ይበራል፤ በዚያ ላይ ሞተሩ ሲነሳ ፍላጎቱ ያድጋል። በኔትወርክ ገመዱ ኃይል የሚያደርሰው ተራው ፒኦኢ ስዊች በአንድ መሰኪያ 15.4 ዋት ነው የሚሰጠው። ተሽከርካሪ ካሜራ ብዙ ጊዜ 30 ዋት የሚሰጠውን ፒኦኢ ፕላስ ይፈልጋል፤ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ። ካሜራው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብብ።

ከዱባይ፣ በአንድ የገበያ ማዕከል የካሜራ ክፍል የምትሠራ እህታችን፦ "ሰው ስከታተል ጆይስቲኩን ስለቅ ካሜራው አልፎት ይሄዳል። አለቃዬ እጅሽ ፈጣን አይደለም ይለኛል።"

እህቴ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም። በኔትወርክ የሚመጣ ምስል ተጨምቆ፣ ተጉዞ፣ ተፈትቶ ነው ስክሪንሽ ላይ የሚደርሰው። አንቺ የምታይው ትንሽ ያለፈውን ነው። ሰውየው መሀል ላይ ሆኖ ስታይውና ስትለቂ ካሜራው ቀድሞ አልፏል። ስለዚህ ጆይስቲኩን ይዘሽ አትቆይ። ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ። ዙሙን መለስ አድርገሽ ሰውየውን አግኚው፣ ከዚያ አቅርቢው። አቅርበሽ እያለሽ ከፈለግሽው ትንሽ ንክኪ እንኳ ከስክሪኑ ያስወጣዋል።

ትልቁ ረዳትሽ ፕሪሴት፣ ማለትም በቁጥር የተቀመጠ የካሜራ አቅጣጫ ነው። በሩን፣ ካሽ መቀበያውን፣ የአሳንሰሩን መውጫ አስቀድመሽ በትክክል አነጣጥሪና በቁጥር አስቀምጫቸው። ከዚያ ቁጥሩን ተጭነሽ ፕሪሴቱን መጥራት ብቻ ነው፤ የትኛውም እጅ በዚያ ፍጥነት አይደርስም። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈሽ ከስክሪኑ ሥር ለጥፊው፤ ከአንቺ ቀጥሎ ለሚገባው ሠራተኛም ይጠቅመዋል። 95ን ግን አትጠቀሚ። በብዙ ካሜራዎች 95 የካሜራውን ሜኑ ይከፍታል። 33 እና 34ም ብዙ ጊዜ ለሌላ ሥራ የተያዙ ናቸው።

ማንም ሳይነካው ካሜራው ቀስ እያለ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ጆይስቲኩ መሀሉን ስቷል። በኪቦርዱ ሜኑ ውስጥ ካሊብሬሽን (ማስተካከያ) የሚል አለ። አንዳንዶቹ ሲበሩ ያገኙትን ቦታ መሀል ብለው ይይዛሉ፤ ስለዚህ ሲበራ እጅሽን አንሺ።

ከአዲስ አበባ፣ ከገርጂ የደወሉ እናት፦ "የጎረቤቴ ካሜራ እየዞረ ግቢዬን ያያል። ልጆቼ ገላቸውን የሚታጠቡት ውጭ ነው። ምን ላድርግ?"

እናቴ፣ ይሄ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ልክ ነዎት። መፍትሔው ካሜራውን ማስነቀል ላይሆን ይችላል። ተሽከርካሪ ካሜራዎች በብዛት የግላዊነት ጭምብል አላቸው። ባለቤቱ ካሜራው ሜኑ ውስጥ ገብቶ የእርስዎን ግቢ በጥቁር ይሸፍነዋል፤ ካሜራው ቢዞርም ጭምብሉ ቦታውን ይዞ ይቀራል። መዞሪያውንም በግራና በቀኝ መገደብ ይቻላል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን መጀመሪያ ቡና ጠርተው ያነጋግሯቸው። እሺ ካሉ ጭምብሉ ሲሞላ እርስዎም ስክሪኑ ጋ ይቁሙ። ዙሙ እስከ መጨረሻው ተስቦ፣ ከዚያም ማታ ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ግቢዎ እንደተሸፈነ ይዩ።