ጭንቅላቱን ስሰፋ ሆዱ እየደማ ነበር

እንደምን አደራችሁ። ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከዓይናችሁ ያስታውቃል። ማንቀላፋት ይፈቀዳል። ማንኮራፋት ግን አይቻልም።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ ምርጫ ሰጥተውኝ ነበር። ወይ አንጎል ሲጎዳ ሕዋሳቱ ምን እንደሚሆኑ፣ ወይ ብርቅ ስለሆኑ የሆድ ቀዶ ሕክምና ኬዞች። እኔ የሆድ ሰው ነኝ። አንጀት ስቆርጥና ስቀጥል ነው ዕድሜዬ የሄደው። ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥፋቴ የሆድ ብቻ አልነበረም፤ የጭንቅላት ብቻም አልነበረም። በሁለቱ መሃል ነው የወደቀው። ስለዚህ «ሁለቱንም አንድ ላይ አወራለሁ» አልኳቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያኔ እንደ እናንተ ኢንተርን፣ ገና በልምምድ ላይ ያለሁ ሐኪም ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ሌሊት ላይ በባጃጅ አደጋ የተጎዳ ወጣት አመጡ። ግንባሩ ተተርትሯል፤ ፊቱ በደም ተሸፍኗል። ይቃዣል፣ ይሳደባል፣ እጄን ይገፋል። «ጠጥቶ ነው» አለ ያመጣው ሰው። «የለም፣ ጭንቅላቱ ነው» አልኩ እኔ፣ አዋቂ መስዬ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ግንባሩን ሰፋሁ። ስፌቱ ግን ያምር ነበር፤ እሱን አልክድም።

በመሃል አንዲት አንጋፋ ሲስተር መጥታ «ዶክተር፣ ፕሬዠሩ 80 በ50 ነው» አለችኝ። የደም ግፊቱ በጣም ወርዷል ማለቷ ነው። «ከጭንቅላቱ ብዙ ደም ፈሶት ነው፣ ፈሳሽ ይክፈቱለት» አልኳት። ከፈተችለት። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። «ዶክተር፣ ሆዱን አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። አንሶላውን ስገልጠው ሆዱ ተነፍቷል። ጣፊያው ተሰንጥቆ፣ እኔ በክር ስራቀቅ እሱ ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር። ሲኒየሩ ቀዶ ሐኪም መጥቶ ሆዱን ከፈተው፣ ጣፊያውን አወጣ፣ ልጁ ተረፈ። ሁሉም «እንኳን ደስ አላችሁ» ተባባለ።

ከወራት በኋላ ለቀጠሮ ሲመጣ አገኘሁት። የታክሲ ረዳት ነበር። አሁን ሥራ ትቷል። ለምን ስለው እናቱ ናት የመለሰችልኝ፤ «መልስ መስጠት አቃተው፣ ሂሳብ ይጠፋበታል።» ልጁ አጠገቧ ቆሞ ፈገግ ይላል። ከግንባሩ ላይ ጠባሳው አይታይም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ያን ሌሊት በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ምን ሲሆን እንደነበር ላስረዳ። ምክንያቱም ባጃጁ የገደላቸው ሕዋሳት ነበሩ፤ እኔ በመዘግየቴ የሞቱም ነበሩ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ጎተራ የለውም። ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው፣ ያውም በየሰከንዱ። ሲመታ፣ የተቀደዱት ሕዋሳት ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ያፈሱታል። በልኩ ሲሆን መልእክት ነው፤ ሲበዛ መርዝ ነው። የጎረቤት ሕዋስ በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም ይጎርፍበታል፣ ያብጣል። ይህን ካልሲየም አውጥቶ ለመጣል ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱን የሚያመጣለት ደም ነው። ደሙ ደግሞ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሟል።

በመጀመሪያው ምት የሞተውን ሕዋስ ማንም አይመልሰውም። በዳር ያለው ግን ገና አልወሰነም። ለመሞትም ለመዳንም ቅርብ ነው። የእኛ ሥራ ያለው እዚያ ዳር ላይ ነው። በ1993 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን 717 ሰዎች ተመልክቶ ነበር። የላይኛው ፕሬዠር አንድ ጊዜ እንኳ ከ90 በታች የወረደባቸው ሰዎች የሞት መጠን ካልወረደባቸው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ! እኔ ደግሞ «ፈሳሽ ይክፈቱለት» ብዬ ወደ ክሬ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ነርቭ ሕዋሳት ብቻ እንዳወራ ትጠብቁ ይሆናል። እኔን የሚገርሙኝ ግን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ በ1856 በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን ነገር «ግሊያ» አለው፤ ሙጫ እንደ ማለት ነው። መሙያ፣ ማጣበቂያ መስሎት ነው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። በ1919 ደግሞ ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ሆርቴጋ ከነዚህ መሃል ትንንሾቹን ለይቶ ማይክሮግሊያ ብሎ ሰየማቸው። ለብዙ ዘመን እነሱም ጉዳት እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስሉ ነበር።

በ2005 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በሕይወት ያለ አይጥ አንጎል ውስጥ በማይክሮስኮፕ አዩዋቸው። አንዳቸውም አልተቀመጡም። እጃቸውን ወዲህ ወዲያ እየሰደዱ ሠፈሩን ይዳብሳሉ፣ እንደ ዘበኛ። ተመራማሪዎቹ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ሲያበጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዙሪያ ያሉት ማይክሮግሊያዎች ሁሉ እጃቸውን ልከው ቁስሉን ከበቡት። የጠራቸው ደግሞ ኤቲፒ ነው። ኤቲፒ በሕዋስ ውስጥ ሲሆን የጉልበት ገንዘብ ነው። ወደ ውጭ ከፈሰሰ ግን ኡኡታ ነው። ጎረቤት «ምን ሆነ?» ብሎ የሚወጣበት ዓይነት።

ከዚያ በቀጣዮቹ ቀናት አስትሮሳይቶች ይመጣሉ። ኮከብ የሚመስሉ ናቸው፣ ስማቸውም ከዚያ ነው። ያብጣሉ፣ ይባዛሉ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሞተውና በዳነው መካከል አጥር ይሠራሉ። ይህ አጥር ጠባሳ ይባላል። እኔ ስማር «ጠባሳው ነው ነርቭ እንዳያድግ የሚከለክለው» ተብዬ ነበር፤ ፈተና ላይም እንዲያው ጽፌ አልፌአለሁ። በ2016 ግን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ የአይጦች ኅብለ ሰረሰር ላይ አጥሩ እንዳይሠራ ቢደረግ ነርቮቹ ያድጉ እንደሆነ ሞከረ። አላደጉም። እንዲያውም ባሰባቸው። አጥሩ ከጠላትነት ይልቅ ድጋፍም ነበር። የተማርኩትን መጣል ስላለብኝ ተናድጄ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

የሆድ ሐኪም ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው ነገር አለ፤ ሞራ። በበዓል በግ ሲታረድ አይታችሁታል። እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ አንጀትን ከላይ የሚሸፍነው። የበጉን ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን የሚያነቡ አዋቂዎች ነበሩን፤ ዛሬም አሉ። እኔም በሌላ መንገድ ሞራ አንባቢ ነኝ። ሆድ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ሞራው ወዴት እንደሄደ ነው። ትርፍ አንጀት ከፈነዳ ሞራው ሄዶ ጠቅልሎት ይገኛል። ጨጓራ ከተበሳ ቀዳዳው ላይ ተለጥፏል። እግር የለውም፤ አንጀት ሲላወስና ስንተነፍስ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያበጠ ቦታ ሲያገኝ ግን ይጣበቃል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ራዘርፎርድ ሞሪሰን «የሆድ ፖሊስ» ይለው ነበር። የዚያ ልጅ ሞራም እኛ ሳንደርስ ጣፊያው ጋ ደርሶ ተለጥፎ ነበር። ሞራው ከእኔ ቀደመ ማለት ነው።

የሆድም አጥር እንደ አንጎል አጥር ዋጋ ያስከፍላል። ዛሬ ያዳነ መጣበቅ ከዓመታት በኋላ አንጀት ይቋጥራል። ያንን ሌላ ቀን እናወራለን። ብቻ ይህን ልጨምር። በ1970ዎቹ ሃሪ ጎልድስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ሞራን ከሆድ በቆዳ ሥር እስከ ራስ ስቦ ደም ያነሰው አንጎል ላይ ለማንጠፍ ሞክሯል። ሐሳቡ ሕክምናችንን አልለወጠም። ግን ደፋር ሰው ነው።

ወደ ተግባር ልምጣ። የአዋቂ ራስ ቅል ዝግ ሳጥን ነው። ፕሬዠር የሚጥል ያህል ደም የሚይዝበት ቦታ የለውም። ሰውየው በደም ማነስ ሳይሆን ራስ ቅሉ ውስጥ በሚፈጠረው ግፊት ይሞታል። ይህ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ደግሞ መጀመሪያ የምታዩት ተቃራኒውን ነው፤ ፕሬዠር ይወጣል፣ የልብ ምት ይቀንሳል። ስለዚህ ጭንቅላቱ የተመታ አዋቂ ፕሬዠሩ ከወረደ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌ፣ ጭን። ጨቅላ ሕፃን ላይ ይህ ሕግ አይሠራም፤ የራስ ቆዳ በደንብ ከተተረተረም ብዙ ይደማል። የአከርካሪ ጉዳትም ፕሬዠር ይጥላል። ግን እነዚህን የምታስቡት ሆዱን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

እሱ «ሆዴን አመመኝ» እስኪል አትጠብቁ። አይልም። አንጎሉ ተጎድቷል፤ ሕመሙን የሚነግራችሁ ራሱ የታመመው አካል ነው። እጃችሁን ስታሳርፉም ላይቆጣ ይችላል። ሌላም አለ። ለሚደማ ሕመምተኛ «ደሙ እስኪቆም ፕሬዠሩን ዝቅ አድርገን እንያዝ» የሚባል ዘዴ ተምራችኋል። ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ይህ አይሠራም። ያ ዳር ላይ ያለው ሕዋስ ዝቅታውን አይችለውም።

በቋንቋችን ሐሳብ የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆዴ ጠረጠረ እንላለን። ሆድ ይፍጀው እንላለን። እናቶቻችን ጭንቅላትና ሆድን አልለዩም። ሐኪም ሆነን ነው አንዱን ለነርቭ ክፍል፣ ሌላውን ለእኛ ያከፋፈልነው። ሕመምተኛው ግን ክፍፍሉን አልሰማም። ሦስት ኬዝ ልንገራችሁ፤ ብርቅ የምትሏቸው ዓይነት።

አንደኛው የጨጓራ ነው። ሃርቪ ኩሺንግ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት የሚሉት፣ በ1932 አንድ ጽሑፍ አወጣ። የአንጎል ዕጢ አውጥቶላቸው ኦፕሬሽኑ ደህና ሄዶ፣ ከቀናት በኋላ ግን ጨጓራቸው ወይም የምግብ ቧንቧቸው ተበስቶ የሞቱበት ሰዎች ነበሩ። አንጎል ሲጎዳ ወደ ጨጓራ በሚሄደው ነርቭ በኩል አሲድ እንደሚበዛ ጠረጠረ። ዛሬ መከላከያ መድኃኒት ስለምንሰጥ ብዙም አናየውም። ካልሰጣችሁ ግን ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው የሕፃናት ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ለቋጠረ ሕፃን ሻንት ይገባለታል። ቀጭን ቱቦ ነው። ከአንጎል ተነስቶ፣ ከጆሮ ጀርባ በቆዳ ሥር ወርዶ ሆድ ውስጥ ያበቃል። የአንጎሉ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይመጠጣል። አገራችን ውስጥ አከርካሪያቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ስለሆኑ፣ ሻንት ያላቸው ልጆችም በየወረዳው አሉ። አሁን አስቡት፤ እናት ልጇን ስታጥብ ከፊንጢጣው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ታያለች። ኮሶ ትል መስሏት ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ትል አይደለም። የሻንቱ ጫፍ አንጀቱን ቀስ በቀስ በስቶ መውጣቱ ነው። የሚገርመው፣ ልጁ ብዙ ጊዜ ሆዱን አያመውም፤ ሰውነቱ በቱቦው ዙሪያ ሽፋን ሠርቶለታል። ይኸው አጥር እዚህም መጣ። አደጋው ግን ወደ ላይ ነው። የአንጀት ባክቴሪያ ቱቦውን ይዞ አንጎል ይደርሳል። የትል መድኃኒት ሰጥታችሁ አትሸኟት። ቱቦውንም ጎትታችሁ እንዳትነቅሉ። አንቲባዮቲክ ጀምራችሁ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ላኩት። በሌላ በኩል ደግሞ ሻንት ያለው ልጅ ራሱን አሞት ቢያስመልሰው፣ ጥፋቱ ሆዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ጋ ፈሳሽ ተቋጥሮ ከረጢት ሠርቶ፣ ቱቦው ይዘጋል። ጭንቅላቱን ሲቲ ስታነሱት ሆዱንም በአልትራሳውንድ እዩለት።

ሦስተኛው ኬዝ እንኳ አይደለም፣ ዘዴ ነው። አንጎል በጣም ሲያብጥ ከራስ ቅል ላይ አጥንት ተነስቶ ቦታ ይሰጠዋል። አጥንቱ እስኪመለስ የት ይቀመጥ? ጥሩ ማቀዝቀዣ ያለው ያቀዘቅዘዋል። የሌለው፣ ወይም መብራት የማያምን፣ የሕመምተኛውን የሆድ ቆዳ ከፍቶ ከሥሩ ስብ ውስጥ ያኖርለታል። ስለዚህ አንድ ቀን ሆድ ስትዳብሱ እንደ ሳህን የጠነከረ ነገር ብታገኙ፣ «ዕጢ ነው» ብላችሁ ሰው ከማስደንገጣችሁ በፊት ራሱን ቀና አድርጋችሁ እዩት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። ይህን የምናገረው ዕጢ ነው ብሎ ያስደነገጠ ሰው ስለማውቅ ነው። በመስታወት አየዋለሁ።

ሲስተሯ ጡረታ ወጥታለች። ሳገኛት ሁልጊዜ «ሆዱን አይተኸዋል?» ነው ሰላምታችን።

በሉ፣ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት አንድ ነገር እንሥራ። አልትራሳውንዱን አስመጥቻለሁ፤ እዚያ ጥግ ቆሟል። የሚደማ ሆድ ለማየት አራት ቦታ ነው የምትነኩት። በግራ ጣፊያና ኩላሊት መካከል፣ በታች ፊኛው ዙሪያ፣ ከላይ ልብ። መጀመሪያ የምንጀምረው ግን በቀኝ፣ ጉበትና ኩላሊት መካከል ካለችው ኪስ ነው። የሞሪሰን ኪስ ትባላለች፤ ያው ሞራን ፖሊስ ያለው ሰውዬ ነው። ደም እዚያ ከተጠራቀመ ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይታያችኋል። አንድ ሰው ልብሱን ገልጦ የሚተኛልን እንፈልጋለን። ቁርስ ያልበላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌሊት ተረኛ የመጣችሁ ደግሞ እንዳልበላችሁ አውቃለሁ። ና አንተ፣ ከኋላ ያለኸው። መተኛት ስትፈልግ ነበር እኮ።