ለነገ ነው

ሰላም፣ ደህና ናችሁ? ለዛሬ ሌላ ነገር ነበር ያዘጋጀሁት፤ ትቼዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር አለ።

የዱቄቴን ነገር ታውቃላችሁ። አንዱ ኩንታል ሳያልቅ ሌላ ኩንታል። «እትዬ ዱቄት» እያላችሁ ስትጽፉልኝ እስቃለሁ። ቅዳሜ ግን አላሳቀኝም።

ደሴ፣ እማዬ ቤት ነን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ልጄ መሶቡን ከፈተች፣ ከድፎው ቁራሽ አነሳችና ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ የጎረቤት ልጅ ቆሟል። እኔ «ለነገ ነው!» አልኩ። ኧረ አልኩ አይባልም፣ ጮህኩ። መቼ ተነስቼ መሶቡ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። እጄ ክዳኑን ተጭኖታል። ልጄ አላለቀሰችም። እጄን አየች። ፊቴን አይደለም፣ እጄን። ከዚያ ቁራሹን ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው። በቀስታ። እንቁላል የምታስቀምጥ ነው የሚመስለው።

እማዬ ምንም አላለችኝም። ተነሳች፣ እጄን ከክዳኑ ላይ አነሳችው፣ ትልቅ ቁራሽ ቆረሰች። «አብሽር የኔ ልጅ፣ እንካ» አለችው። ተመልሳ ሲኒዋን አነሳች።

በ77 እኔ 5 ዓመቴ ነበር። ኮረም። ከዚያ የቀረኝ አንድ ጣሳ ነው፤ ጠርዙ ከንፈር የሚቆርጥ። የቀረውን ሌላ ቀን።

የሰውን ጠባይ ከዝግመተ ለውጥ አንፃር የሚያጠኑ ሰዎች የሚሉት አለ። ሕፃን ዙሪያውን እያየ የሚኖርባት ዓለም ምን እንደምትመስል ይገምታል፣ ጠባዩም በዚያ ግምት ይቀረጻል። ምግብ ዛሬ ኖሮ ነገ በሚጠፋበት አገር፣ ያገኘውን የያዘ ሰው ተርፎ ወለደ። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ 28 ሕፃናት። ለግማሾቹ አዋቂዋ የገባችውን ቃል ጠበቀች፣ ለግማሾቹ አልጠበቀችም። ከዚያ ከረሜላ ፊታቸው ተቀመጠ፤ ሳትበላ ከጠበቅህ ሁለት ታገኛለህ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሡ። የተካዱት 3 ደቂቃ። ስግብግብ ሆነው አይደለም እኮ። ያዩትን ነው ያመኑት!

እኔ ግን ቶሎ አልበላም፣ እደብቃለሁ። ተቃራኒ ይመስላል። ግን ሁለቱም ነገን አለማመን ነው... ነው መሰለኝ።

ይሄን ሳነብ ቀለል አለኝ። በሽታ አይደለም ማለት ነው፣ አካሌ አንድ ጊዜ የተማረውን ነው የሚሠራው። ደስ ብሎኝ አደርኩ። ጠዋት ግን እማዬ ትዝ አለችኝ።

እማዬ የላስታ ልጅ ናት። በ58ቱ ረሃብ እሷም 5 ዓመቷ ነበር። ያው ዕድሜ! እሷ ግን ያላትን ሁሉ ትሰጣለች። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ የኛ ራት ሲሄድ አይቻለሁ፤ ተናድጄባታለሁም። ታዲያ ግምቱ የት ሄደ?

ምናልባት ምክንያቱ አያቴ ናት። ሞንትሪያል ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እናታቸው አብዝታ የምትልሳቸው ግልገሎች ሲያድጉ በቀላሉ አይደነግጡም። ብዙም ከማትልስ እናት የተወለደውን ወስደው ለምትልሰው ሲሰጧት፣ እሱም እንደዚያው ረጋ ያለ ይሆናል። አያቴ ደግሞ እማዬን እስከ ላሊበላ ገበያ አዝላት ትሄድ ነበር ይባላል፣ ትልቅ ልጅ ሆና እንኳ። ግን እኔንም እማዬ አዝላኛለች። ኮረም ድረስ አዝላኝ ነው የሄደችው። እንግዲህ...

አላውቅም። ይሄን ክፍል ልቁረጠው ይሆን? አይ፣ ይቆይ።

ልጄ ረሃብ አታውቅም። የምታየው እኔን ነው። ትናንት ማታ ራት ላይ ዳቦ ቆረስኩላት። እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መለሰችው።

«ይሄስ ለነገ ነው?» አለችኝ።

የመለስኩላት... ቆይ፣ እማዬ እየጠራችኝ ነው።