ፓሪስ ፈርሶ ባርሴሎና የቆመ አዳራሽ

[ምስል፦ ቫል ደብሮን፣ ባርሴሎና]

አሁን የምታዩት ባለ ሦስት ወለል ሕንፃ የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። የተሠራው ከተማዋ ኦሊምፒክን ባስተናገደችበት በ1992 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ቅርጹ የተወሰደው ከዚያ 55 ዓመት ቀደም ብሎ ፓሪስ ውስጥ ቆሞ ከነበረ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው።

[ምስል፦ ፓሪስ፣ 1937]

በ1937 የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ካመፀበት ከጄኔራል ፍራንኮ ጦር ጋር የሞት ሽረት ትግል ላይ ነበር። ብሪታንያና ፈረንሳይ በጦርነቱ ጣልቃ ላለመግባት ተስማምተው ስለነበር፣ ሪፐብሊኩ በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሳተፈው ሸቀጥ ለማስተዋወቅ ሳይሆን አቤት ለማለት ነው። አርክቴክቶቹ ሆሴፕ ሉዊስ ሰርትና ሉዊስ ላካሳ አዳራሹን በብረት ምሰሶና በቀላል ገጣጣሚ ግድግዳ አቆሙት። ጎብኚው በውጭ በኩል ባለው ተዳፋት መወጣጫ ወደ ላይ ይወጣና በፎቶግራፍ የቀረበውን የጦርነቱን ታሪክ እያየ ወደ ታች ይወርዳል።

ምድር ቤቱ ላይ የፒካሶ «ጌርኒካ» ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ በኤፕሪል 26 የናዚ ጀርመንና የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች የደበደቧትን፣ በሰሜን ስፔን የምትገኘውን የባስክ ከተማ ጌርኒካን ያስታውሳል፤ ይኸው የጣሊያን አየር ኃይል ቀደም ብሎ በአገራችን ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበ መሆኑን ልብ ይሏል። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ደግሞ አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር የሠራው፣ በውኃ ፈንታ ስፔን ውስጥ ካለው ከአልማዴን ማዕድን የወጣ ሜርኩሪ የሚፈስበት ፏፏቴ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ አዳራሹ ፈረሰ። የሆዋን ሚሮ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል የገባበት ጠፋ፤ «ጌርኒካ» በ1981 ስፔን ገብቶ ዛሬ ማድሪድ ይገኛል፤ ፏፏቴው ባርሴሎና በሚሮ ፋውንዴሽን ተቀምጧል።

[ምስል፦ የንባብ ክፍል]

እንግዲህ የባርሴሎናው ሕንፃ ቅጂ ነው፤ ባዶውን ቢተው ኖሮ የኦሊምፒክ ማስጌጫ ሆኖ በቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያዳነው ውስጡ የገባው ወረቀት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ጃውመ ቪሰንስ ቪቨስ በ1949 ያቋቋሙት የታሪክ ጥናት ማዕከል ስብስብ ዛሬ እዚህ ይገኛል፤ ስለ ሪፐብሊኩ፣ ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ፣ ስለ ስደቱና ስለ ፍራንኮ አምባገነንነት የሚያስረዱ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና ፖስተሮች ተከማችተዋል። ከእነዚህ መካከል በፍራንኮ ዘመን በስውር የታተሙ በራሪ ወረቀቶች አሉ። ኪስ ውስጥ መገኘታቸው ብቻ ያሳስር ስለነበር አንባቢው አንብቦ እንዲያስወግዳቸው ታስበው የታተሙ ናቸው፤ አሁን ግን ተመዝግበው፣ ተመራማሪ ሲጠይቅ ከመጋዘን እየወጡ ይቀርባሉ።