ቁስሉ ደርቋል፣ ሂጂ

የተከበራችሁ የቀዶ ጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የተቀላቀላችሁን አዳዲስ ልጆችም፣ እንደምን አላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ጎን «ስለ ቁስል እንክብካቤ» የሚል ተጽፏል። ስለ ፋሻና ስለ ስፌት ግን ሁላችሁም አሳምራችሁ ታውቃላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለማይታየው ቁስል ላወራ ነው። ሆድ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ውስጥ ስለሚቀረው ጠባሳ፣ ስለ አንጀት መጣበቅ።

ለአዲሶቹ ስል ባጭሩ ልበል። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በቀዶ ጥገና ሲነካካ፣ ሲደርቅ ይቆስላል። በሰዓታት ውስጥ ፋይብሪን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ይለብሳል። ሰውነት በጥቂት ቀን ውስጥ ካሟሟው እሰየው። ካልሆነ ጅማት ሆኖ ይቀራል። የደም ሥርና ነርቭ ሳይቀር ይገባበታል፤ አንጀትን ከአንጀት፣ አንጀትን ከሆድ ግድግዳ ያስራል። ሜንዚስና ኤሊስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት፣ ከዚህ በፊት ሆዳቸው ከተከፈተ ሰዎች በ93 ከመቶዎቹ ላይ አግኝተውታል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። እኔ የማወራው ስለ ቀሪው ነው።

አንዲት እናት ማታ መጡ። ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው። «ሲስተር፣ ጨጓራ ነው ብለውኛል» አሉኝ። በላስቲክ ከረጢት የጨጓራ መድኃኒት ሞልተው ይዘዋል። ትውከታቸው አረንጓዴ ነው። አየር ወጥቶልዎታል? አልወጣም፣ ከትናንት ጀምሮ። ልብሳቸውን ገለጥ ሳደርግ ሆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ከእምብርት በታች ደግሞ ረጅም ጠባሳ አለ። ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ የተሠሩበት ነው፣ ድሮ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ እየመጣ ይሄድ ነበር። በየሄዱበት አልትራሳውንድ ይነሳሉ፤ «ንጹህ ነው» ይባላሉ። አንዱ ጋ እንዲያውም «ጭንቀት ነው» ተብለዋል። በአፍንጫ ቱቦ ገብቶላቸው፣ ግሉኮስ ተሰቅሎ፣ ትንሽ ፋታ ሲያገኙ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ያ ኦፕራሲዮን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

ያን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረባቸውም! መልሱን ያኔ፣ ከአልጋ ሲወርዱ መስማት ነበረባቸው። የሰሙት ግን «ቁስሉ ደርቋል፣ ሂጂ» ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ «ንጹህ ነው» ማለት «ምንም የለብሽም» ማለት አይደለም! እነዚህ ስስ ጅማቶች በአልትራሳውንድም በሲቲ ስካንም አብዛኛውን ጊዜ አይታዩም። ሲቲ አንጀቱ ሲዘጋ መዘጋቱን ያሳየናል፤ ሕመሙ ጋብ ባለበት ቀን ከተነሳ ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ሆዱ ተከፍቶ በሚያውቅ ሰው ላይ ደግሞ ለትንሹ አንጀት መዘጋት ዋናው ምክንያት ይኸው መጣበቅ ነው። ታዲያ ጠባሳውን ሳናይ ጨጓራ የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

«በሽተኛውን ለምን እናስፈራራ?» የሚሉኝ አሉ። በስምምነት ፎርሙ ላይ እኮ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ማደንዘዣ፣ ስለ ሞት ጭምር አንብበን እናስፈርማለን! ያ ሁሉ ካላስፈራ፣ «ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሆድዎ እየቆረጠ ከተነፋ፣ ካስመለሰዎትና አየር እምቢ ካለ በዚያው ቀን ይምጡ» ማለት ነው የሚያስፈራው? የታነቀ፣ ማለትም ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ያላወቀ ሰው ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ውጦ ቤቱ ይተኛል።

ቀሪውን ልሮጥበት። ሲቻል በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትናንሽ ቀዳዳ በካሜራ መሥራት መጣበቅን ይቀንሳል። ዱቄት ያለው ጓንት አንዱ መንስኤ ስለሆነ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላዋለች። መጣበቁ ሴቶች ላይ የማህፀን ቱቦን ይዞ መውለድ ሊከለክል ይችላል፤ ይህንንም አንነግራቸውም። የተጣበቀውን ቆርጦ ማላቀቅ ደግሞ ራሱ ሌላ መጣበቅ ያመጣል፤ ስለዚህ ለመክፈት አንቸኩል። የታነቀ ከሆነ ግን አንዘግይ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመውጫ ወረቀታችን ከታች ባዶ ቦታ አለው። ምልክቶቹ እዚያ ይጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል በቃል ይነገረው። ከሰኞ ጀምሮ። ፎርሙን የሚያሻሽል ኮሚቴ ይቋቋም የምትሉ ካላችሁ ተቋቋሙ፤ እስከዚያ እኔ በስክሪብቶ እጽፋለሁ።

አመሰግናለሁ።