ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ሕፃን፦ ኦቲዝም ወይስ ድብርት?

ከኮምቦልቻ የደወሉ እናት፦ ልጄ 11 ወሩ ነው። ፋብሪካ ሥራ ከገባሁ 2 ወር ሆነኝ፤ አያቱ ጋ ነው የሚውለው። ሳቂታ ነበር፣ አሁን ፊቱ ጭፍግግ ብሏል። ጡት ይገፋል፣ ስጠራው አይዞርም። ኦቲዝም ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለውጡ ሥራ ከገባሽ ወዲህ መምጣቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። በዚህ ዕድሜ ድብርት የሚመስል ነገር አብዛኛውን ጊዜ መነሻ አለው፦ ከእናት መለየት፣ የአሳዳጊ መቀያየር፣ ሕመም፣ የምግብ እጥረት፣ ወይም የእናት የራሷ ድብርት። ሬኔ ስፒትዝ የተባለ ሐኪም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ6 ወራቸው በኋላ ከእናታቸው የተነጠሉ ሕፃናትን ተከታትሏል። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ሲቆይ ይደነዝዛሉ፣ ክብደታቸውም ይቀንሳል። እናት ቶሎ ስትመለስ ብዙዎቹ አገግመዋል። ያንቺ ልጅ በየቀኑ ስለሚያገኝሽ የተሻለ ዕድል አለው።

በኦቲዝም በዋናነት የሚጎድለው መግባቢያው ነው። ልጁ ሊበላም ሊስቅም ይችላል፤ የበራ አምፖል አይቶ ሲደሰት ግን «አየሽልኝ?» በሚል ዓይን ወደ አንቺ አይዞርም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሪ። ጠግቦና ነቅቶ ሳለ ቴሌቪዥንና ስልክ አጥፊ። ከኋላው ሆነሽ በተለመደ ድምፅሽ ስሙን ጥሪ፤ እያረፍሽ እስከ 3 ጊዜ። ካልዞረ የቁልፍ ድምፅ አሰሚው። ለቁልፉም ካልዞረ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው። ቀጥለሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ ድምፁን እየመለስሽ አጫውቺው። ያዘነ ሕፃን ቀስ በቀስ ዓይኑ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ፈገግታውም ይመለሳል። በተለያየ ቀን ሞክረሽ ካልመጣ ሳትጠብቂ ሐኪም አሳዪው። ጡት የሚገፋ ልጅ ስለሆነ ግን በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክብደቱንና የክንዱን ዙሪያ አስለኪ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ድብታው ከምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። አንቺም ከ2 ሳምንት በላይ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከተጫነሽ ንገሪያቸው፤ የእናት ሕክምና የልጁም ሕክምና ነው።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ የደወሉ አያት፦ የልጅ ልጄ 18 ወሩ ነው፤ ቃል የለውም። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፣ እጄን ይዞ በሩ ላይ ያስቀምጠዋል። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር» ይሉኛል።

መልስ፦ እማማ፣ በደንብ አስተውለዋል። ከቃሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጣቱ ነው። በ12 ወር ገደማ መጠቆም ይጀመራል፣ በ16 ወር ቢያንስ አንድ ቃል ይጠበቃል። የሰው እጅ እንደ መክፈቻ ይዞ ዓይንን አለማየት ደግሞ በኦቲዝም የሚታወቅ ምልክት ነው። ነበረውና የጠፋ ቃልም ካለ ይናገሩ፤ አንዳንድ የኦቲዝም ልጆች በ2ኛው ዓመታቸው የለመዱትን ይተዋሉ። ስለዚህ «ድሮ ደህና ነበር» ማለት ብቻውን ኦቲዝምን አያስቀርም። ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ይውሰዱት፤ መስሚያው ይመርመር፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ የኦቲዝም መለያ ቅጽም ይሞላለት። ጸበሉም ዱዓውም ከምርመራው ጎን ይሄዳል።

ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት፦ ስልክ ያመጣዋል?

መልስ፦ ኦቲዝምን አያመጣም፤ የእናት አያያዝም አያመጣውም። ስክሪን የጨዋታና የንግግር ሰዓት ስለሚወስድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ዓመት በታች ጨርሶ አይመክረውም። ስልኩን ለሌላ ይጠቀሙበት፦ ስሙ ሲጠራ፣ ሲበላና ሲጫወት የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ክሊኒክ ውስጥ ልጅ ስለሚፈራ የቤት ጠባዩ አይታይም።