«ተረሳ» እና «ረሳሁት»

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የምትሰሙት የጎረቤት ጄኔሬተር ነው። መብራት ጠፍቶ ነው፤ ቻሉት።

«መብራት ጠፋ» ስንል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ማን እንዳጠፋው የለም። «ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባላል። ችግሩ ራሱን በራሱ ፈጠረ ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል። ብርጭቆ ሰብረን «ተሰበረ»፣ ቀጠሮ ዘንግተን «ተረሳ» እንላለን። ውሸት አይደለም እኮ። ሰባሪው ብቻ ነው የሌለው።

እኔም ቢሮ ውስጥ በዚህ አማርኛ ተጠቅሜያለሁ።

በአንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ነበርኩ። ከሥሬ አራት ሰው አለ። እንደምታውቁት ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ገቢ ካልተደረገ ቅጣት አለው። የጥቅምትን ሰነድ አንዷ ልጅ፣ ስሟን አልጠራም፣ ከተማችን ጠባብ ናት፣ ኅዳር 24 ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከላዩ ሌላ ፋይል ተደረበበት። ይኸው፣ አሁንም «ተደረበበት» አልኩ። ደረብኩበት። የፈረምኩት ታኅሣሥ 2 ነው።

ቅጣቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። «ልጆቹ ጋ ዘግይቶ ነው፣ አስተካክላለሁ» አልኩት። ስሟን አልጠራሁም። ግን ያንን ሰነድ የምትሠራው እሷ ብቻ መሆኗን እሱም ያውቃል። በማግስቱ «ከደመወዟ ይቆረጥ፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍላት» አለ። ደብዳቤውን የማረቅቀው ደግሞ ማን ነው? እኔ።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሕጉ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደመወዝ እንዲሁ ተነስቶ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ መስማማት አለበት። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። በአንቀጹ ልጅቷን አድኜ እኔም ሳልነካ ልወጣ። ብልጠት መሆኑ ነው።

ያን ማታ የአባቴ እድር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ስብሰባ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ያረፈደ ይቀጣል። አንድ እሑድ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው አረፈዱ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሽማግሌ ናቸው፣ ይከበራሉ። እሳቸው ግን ወንበራቸው ጋ ሳይደርሱ ወደ ገንዘብ ያዡ ሄዱ። ከጋቢያቸው ሥር ብር አወጡና «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አሉ። ምክንያት አላቀረቡም። ታክሲ የለም፣ ዝናብ ያዘኝ፣ ምንም። ስብሰባው ተጀመረ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ደረሰኙ ነው። ያለ ደረሰኝ ቢከፍሉ ኖሮ ቸርነት ይመስል ነበር።

ቢሮ ውስጥ ለምን እንዲህ ይከብደናል? እኔ እንደሚመስለኝ «ተጠያቂነት» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራናል። «ተጠያቂ ይሆናሉ» ሲባል የምንሰማው «ሊታሰሩ ነው» ብለን ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ግምገማን ያውቃል። ሂስና ግለ ሂስ። ሰው ትንሽ ጥፋት መርጦ ያወጣል፣ ትልቁን ኪሱ ያስቀምጣል። እኔም የዚያ ዓይነት ትያትር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ያዘጋጀኋትን ንግግር ቀደድኳት።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ከዚያ በስብሰባው ላይ «ሰነዱ ኅዳር 24 ደርሶኛል። 8 ቀን እኔ ጋ አቆየሁት። ለሥራ አስኪያጁ የነገርኩትም እውነት አልነበረም» አልኩ። ማስጠንቀቂያውን በራሴ ስም አረቀቅኩት። ቅጣቱ ከእኔ ደመወዝ እንዲቆረጥም በጽሑፍ ተስማማሁ።

ማንም አላጨበጨበም። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ወር ያህል ፊቱን አዞረብኝ። ልጅቷም «እሺ» ብቻ ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሰነዱን ስታመጣ ረዥም ደብተር ይዛ ነው። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ ሰዓቱንም ይጻፉልኝ» አለችኝ። ከፋኝ። ኃላፊዋ ነኝ እኮ! ደብተሩን ትንሽ አየሁት። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ከጠዋቱ 3፡40 ደረሰኝ»።